ተዳፋት ግቢ ላይ ጎርፍ አፈር ሲያጥብ፦ ከታች ግንብ ሳይሆን ከላይ ይጀምሩ

ሰላም። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ቤቱ ከላይ በኩል ነው፤ ከደጃፉ እስከ ታችኛው አጥር 15 ሜትር ሲሆን መሬቱ በዚያ ርቀት 3 ሜትር ይወርዳል። አፈሩ ቀይ ነው፤ በየክረምቱ ታጥቦ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ታች በኩል በብሎኬት ሊገድቡት አስበዋል።

እባክዎ ብሎኬቱን አይጀምሩ። ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ክብደት ይሸከማል እንጂ ከጎን የሚመጣ ግፊት አይችልም። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ መውጫ ያጣው ውሃም ከጀርባ ይገፋል። ነሐሴ ላይ ግንቡ ሆዱ ይነፋና ይሰነጠቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ የሚወድቀው ጎረቤት ላይ ነው። ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ከላይ ነው መያዝ ያለበት።

መጀመሪያ ጣሪያውን ያስሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 100 ካሬ ቆርቆሮ 30 ሚሊ ሜትር የዘነበ ዕለት 3,000 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል። 200 ሊትር በርሜል በ2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚሞላ፣ በርሜልም ሆነ ሮቶ ቢያስቀምጡ የትርፉ መውጫ ቱቦ የግድ ነው። ውሃውን ወደ መሬት የሚያሰርግ፣ በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድም ብዙዎች እንደሚያስቡት ብዙ ውሃ አይዝም፤ በየጎኑ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱም 1 ሜትር ቢሆን ድንጋዩ ቦታውን ስለሚወስድ 400 ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር ያርቁት። መሬትዎ ዋልካ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አይቆፍሩ እል ነበር፤ ጥቁር አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረት ያነቃንቃል።

ከላይ ካለው መንገድ የሚመጣው ጎርፍ ከቤቱ በላይ መቀልበሻ ቦይ ይፈልጋል፤ ጥልቀቱ 30፣ የአፉ ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር። የወጣውን አፈር በታችኛው ጎን ከምረው ይጠቅጥቁት። ቦዩ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ካነሰ ደለል ይሞላዋል፤ ከ2 ካለፈ ውሃው ወለሉን ይቦረቡረዋል፤ እንዲህ ያለውን ቦታ ድንጋይ ያንጥፉበት። ልኩን በዓይን አይገምቱ፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዋሱ። መጨረሻው የመንገድ ዳር ቦይ እንጂ የጎረቤት አጥር አይሁን።

ግቢው ራሱ እርከን ያስፈልገዋል። 3 ሜትሩን ቁልቁለት ለ5 ቢያካፍሉት፣ ከፍታቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ 5 የድንጋይ ካቦች ይወጡታል፤ በየመካከሉ 3 ሜትር ገደማ መደብ ይኖራል። ካቡ ያለ ሲሚንቶ ይሠራ፤ ውሃ በየቀዳዳው ስለሚያልፍ አይገፋውም። በእ.ኤ.አ. 2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖችም የቆሙት በደረቅ ካብ ነው። መሠረቱን 25 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩ፤ የታች ውፍረቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይግባ፤ ፊቱ ወደ ዳገቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጋደል ይበል። የሁለት ድንጋዮችን መገናኛ በላያቸው የሚያርፈው ድንጋይ ይሸፍነው፤ መገናኛው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ከወረደ ካቡ እዚያው ላይ ይከፈላል። ከጀርባው 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይሙሉ፤ ወደ ካቡ ትልልቁን፣ ወደ አፈሩ ደቃቁን። ሠራተኛ ካልተቆጣጠሩት የሚዘለው ይህን ነው፤ ሲዘለል አፈሩ በቀዳዳው ይሾልክና መደቡ ይሰምጣል። ሲቆፍሩ የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ ያስቀምጡና በመጨረሻ ይመልሱት። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለው 2 ሜትር ግን በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከቤቱ እየራቀ ይውረድ።

ቁፋሮውና ካቡ እስከ ግንቦት ይለቅ። ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ በየካቡ አናት ላይ ደሾ ሳር በአንድ መስመር፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ። ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የተስፋፋ ሳር ስለሆነ ብርዱን ይችላል፤ እየታጨደም ለከብት ይሆናል። ቬቲቨር የተባለው ሳር ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ግን ሞቃት ቦታ ይመርጣል፣ ጥላ ሥርም አያድግም። ባሕር ዛፍ ሥር ሳር ስለማይበቅል፣ ካለዎት መሬቱን በጭድ ወይም በቅጠል ይሸፍኑት።

በረዶ አሸንዳን ይዘጋል፤ በጣለ ቁጥር ያጽዱት። በመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ወቅት ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ይመልከቱ፤ ውሃው በካቡ አናት ላይ በአንድ ነጥብ ከሾለከ መደቡ እዚያ ጋ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን አፈር ይጨምሩበትና ይጠቅጥቁት።