አይሱዙ ወይስ ተሳቢ? ለድሬ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን የጭነት መኪና ሊገዙ ያሰቡ ወጣቶች ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። አንዱ እቁብ ሊወጣለት ነው። የአንዱ እህት ከአረብ አገር ልካለታለች። ሌላው የአባቱን ቦታ ከወንድሞቹ ጋር ሸጦ ድርሻውን ይዟል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ትንሿ አይሱዙ ትሻላለች ወይስ ትልቁ ተሳቢ?» ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ሹፌር አይደለሁም። ወጣትነቴ ያለቀው ምድር ባቡር፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ባቡሩ ሲዳከም የጭነት መኪና ባለንብረቶችን ሒሳብ መያዝ ጀመርኩ። መንገዱን የማውቀው በደረሰኝ ነው፤ የናፍታ፣ የጎማ፣ የጋራዥ፣ የአበል፣ የቅጣት። ሹፌሮች ስለ መኪናው ጉልበት ያወሯችኋል። ደስ ይላል፣ ስሟቸው። ወር ሲያልቅ እጅ ላይ ስንት እንደሚቀር ግን እነሱም እኔን ነው የሚጠይቁት።

መልሴ አጭር ነው። መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ጭነት ፈልጉ። ጭነቱ የማን ነው? ከየት ወዴት ይሄዳል? በሳምንት ስንቴ? ይህን ላወቀ ሰው መኪናውን ጭነቱ ራሱ ይመርጥለታል። ደላላ ግን ይህን አይጠይቃችሁም። እሱ የሚያውቀው ጥያቄ «ስንት ይዘሃል?» የሚለውን ብቻ ነው።

ከተማችን ድሬዳዋ እንዴት እንደተቆረቆረች ታውቃላችሁ አይደል? ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ አለ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ድሬም በዙሪያው ተመሠረተች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ባቡሩ ያመጣው የሐረር ዕቃ እዚህ ይራገፍና በግመልና በበቅሎ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙ ጭኖ ከሩቅ የሚመጣው ድሬ ላይ ይቆማል። የቀረችውን አጭር መንገድ የሚሠራት ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ነገሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። ዛሬ የግመሉን ቦታ የያዘው አይሱዙ ነው።

ትልቁ መኪና ገንዘብ የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። ጎታች ከነተሳቢው 400 ኩንታል ይዞ ሲገባ በአንድ ጉዞ የሚቀበለውን ብር ትንሿ መኪና በብዙ ምልልስ ነው የምታየው። ችግሩ ገቢው የሚመጣው ሲንቀሳቀስ ብቻ መሆኑ ነው። ወጪው ግን መኪናው ቆሞም ይቆጥራል። ወደብ ላይ ሰነድ አላለቀም ይባላል፣ ይቆማል። ኬላ ላይ ሰልፍ አለ፣ ይቆማል። የሹፌሩና የረዳቱ አበል፣ የባንኩ ዕዳ፣ ኢንሹራንሱ አብረው አይቆሙም። የከባድ መኪና መዝገብ ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የቆመበትን ቀን ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በኋላ ይደርሳል።

ሌላም አለ። አገራችን የምታስገባው ዕቃ ከምትልከው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ባዶውን ወርዶ ነው ጭኖ የሚመለሰው። በእኛም ጊዜ ባዶ ፉርጎ መላክ የየዕለቱ ራስ ምታታችን ነበር። የባዶው መንገድ ናፍታ የሚከፈለው ከሙሉው ነው። «ተሳቢ ልገዛ ነው» የሚለኝን ልጅ መመለሻውን አልጠይቀውም፣ መመለሻ አይጠፋም። «ስትወርድ ምን ትጭናለህ?» እለዋለሁ። እዚህ ላይ ዝም የሚለው ይበዛል።

በዚያ ላይ ባቡሩ ተመልሷል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ኮንቴይነር በአንዴ ይስባል። የተሳቢ ባለቤት የሚሻማው ከጎረቤቱ መኪና ጋር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ትንሿን መኪና ግን ባቡር አይነካትም፤ እንዲያውም ሥራ ያመጣላታል። ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ሲከፈት ዕቃው ወደየሱቁ የሚበተነው በማን ሆነና?

ስለ ጎማ ትንሽ ልበል፣ የማውቀው ነገር ስለሆነ። ጎታችና ተሳቢ አንድ ላይ 22 ጎማ አላቸው። ኤንፒአር አይሱዙ 6 ነው ያላት። በድሬና በአፋር ሙቀት አስፋልቱ ጎማ ይበላል፤ ጭነት ሲበዛ ደግሞ ይፈነዳል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ መርካቶ ወይም ታይዋን ገበያ ጠይቃችሁ ኑ። 6 ጎማ በየተራ ይቀየራል። 22 ጎማ አንድ ላይ ሲያረጅ ግን ባለንብረቱ ወይ ይበደራል ወይ መኪናውን ያቆማል። ከየጉዞው የጎማ ብር ለብቻ የሚያስቀምጥ ባለተሳቢ አውቃለሁ። ጥቂት ናቸው፣ ዛሬም እየሠሩ ያሉት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ትንሿ እንምጣ። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚች መንገድ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ 2,000 ሜትር ታልፋላችሁ። በአጭር መንገድ ላይ ጊዜ የሚበላው መንገዱ አይደለም፣ መጫንና ማራገፍ ነው። 400 ኩንታል በሰው ትከሻ ሲወርድ ቀኑ ይሄዳል። 40 ኩንታል ግን ጧት ተጭኖ ረፋድ ላይ ሐረር ይራገፋል፣ ከዚያ ሐረማያ ላይ ድንች ወይም ጥቅል ጎመን ይጭንና ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ይገባል። ሁለቱንም መንገድ ሙሉ ነው። በኩንታል የሚከፈለው ዋጋም በአጭር መንገድ ከፍ ይላል፤ ነጋዴው የሚከፍላችሁ ለርቀቱ ሳይሆን ለመምጣታችሁ ነውና።

ነጋዴውንም እዩት። የትኛው የሐረር ባለሱቅ 400 ኩንታል ሲሚንቶ ወይም ዱቄት በአንዴ አስገባልኝ ይላል? መጋዘኑም ካፒታሉም አይችልም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚፈልገው። በግንብ በታጠረችው በአሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ከሆነማ አይሱዙም ትልቅ ነው። ሸዋ በር ላይ ታቆሙና ከዚያ ወዲያ ባጃጅ፣ ጋሪና ተሸካሚ ነው። ገንዘቡ የማይበቃችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉ። ከአይሱዙ በታችም ሥራ አለ። የጭነት ባጃጅ ይዞ ከጅምላ አከፋፋይ ወደ ሱቅ ለስላሳና ዘይት የሚያመላልስ ልጅ ከአንዳንድ ባለ መኪና የተሻለ መዝገብ አለው። አላጋነንኩም፣ ሁለቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ።

ትንሿ ግን ዕረፍት አትሰጥም። ጧት 11 ሰዓት መነሳት አለ። በድሬ ሙቀት ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ይተኛል፣ አውራጅም አታገኙም። ያን ሰዓት ሳታውቁ ጭናችሁ ከደረሳችሁ በፀሐይ ላይ ትጠብቃላችሁ። የጫኝና አውራጅ ማኅበር ሒሳብ አለ፣ የኮቴ ክፍያም ሊያጋጥም ይችላል። ዋጋ ስትነጋገሩ «ከነማውረጃው ነው ወይስ ያለማውረጃው?» ማለትን አትርሱ። ይህን ያልጠየቀ ልጅ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲሠራ ይውላል። ዱቤም አለ። የትንሿ መኪና ደንበኛ ጎረቤት ነው፣ «ሰኞ እሰጥሃለሁ» ይላል። ናፍታ ማደያው ግን ሰኞ አይልም።

ሲኖ የሚባለው ገልባጭ መኪና የሚያምራችሁም አላችሁ። መንገድ ወይም ሕንፃ እየተሠራ ሳለ ጥሩ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ሳቢያን መንደር ውስጥ ቆሞ የልጆች መጫወቻ ሲሆን አይቻለሁ። ውል የያዛችሁበትን ጊዜና የመኪናውን ዕዳ ዘመን አስተያዩ። ዕዳው ከውሉ ከረዘመ ይቅርባችሁ።

ስለ ጫት መኪና መናገር አለብኝ፣ ብትቀየሙም። ከአወዳይ ጭኖ የሚበር አይሱዙ ደህና ይከፈለዋል። የሚከፈለው ግን ለፍጥነቱ ነው። ዕቃው ካረፈደ ዋጋ ስለሌለው ነጋዴው ሹፌሩን ያጣድፋል፣ ሹፌሩም ነፍሱን ያስይዛል። አቦ፣ ልጆቼ፣ በዚህ መንገድ ዳር ስንት ቤት ለቅሶ እንደደረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ ጭነት እስካለ ድረስ ይህን አትንኩ። ይህ የሒሳብ ምክር አይደለም፣ የአባት ነው።

ስለ ደንገጎም እንዲሁ። ናፍታ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ካያችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ በሞተር ያዙ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጡት። ባሌስትራ አስጨምሮ፣ ካሶኒውን አስረዝሞ ከአቅሟ በላይ የሚጭንባትም አለ። ባሌስትራው ይችላል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ፍሬን ነው። ያተረፈውን ለጋራዥ ከነወለዱ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ያውም ዕድለኛ ከሆነ ነው።

በክረምት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መኪና አታሳድሩ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። አሁንም ቦታው ሰፊና ነፃ ነው እያሉ የሚያቆሙ አሉ።

ሹፌርነትና ባለንብረትነት ሁለት የተለያየ ሥራ ናቸው። ሰው ያደባልቃቸዋል። ከባድ መኪና መንዳት ለወጣት ደህና ሥራ ነው፤ ደመወዝ አለ፣ አበል አለ፣ የጎማው ጭንቀት የባለንብረቱ ነው። ዋጋው የሚከፈለው ከቤት በመራቅ ነው። መንጃ ፈቃዱም ደረጃ በደረጃ ነው፤ ደረቅ 3 ድረስ ለመውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሿን ግን የራሳችሁ አድርጋችሁ ራሳችሁ ብትነዷት ይመረጣል። ሹፌር ከቀጠራችሁባት ትርፉ ለሁለት ይከፈላል፣ የሚበቃም አይደለም። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ትልቁን በሰው መኪና ንዱ፣ ትንሿን ግዙ። ወደፊት ቋሚ የመውረጃ ጭነት የሚሰጣችሁ ላኪ ወይም ፋብሪካ በውል ከያዛችሁ ያኔ ስለ ተሳቢ እናወራለን። አንዳንዱ አይሱዙ ሁለት ሦስት ሲያደርግ ወደ ተሳቢ «ማደግ» አለብኝ ይላል። ማን ነገረው? ሦስት አይሱዙ ያለው ሰው አንዱ ጋራዥ ሲገባ ሁለቱ ይሠራሉ። ባለ አንድ ተሳቢ ግን መኪናው ሲቆም እሱም ይቆማል።

ገንዘቡን በተመለከተ እቁብ ከሁሉ ይሻለኛል። እቁብ ደርሷችሁ ከገዛችሁ የቀረውን የምትከፍሉት እየሠራችሁ ነው፣ ወለድም የለውም። ባንክ የግድ ከሆነ ከወለድ ነፃ የሚሰጡትንም ጠይቁ፣ የወር ክፍያውን ግን ከመጥፎው ወር ገቢያችሁ ጋር አስተያዩ። ሁሉም የሚያሰላው በጥሩ ወር ነው። የእኛ አገር መጥፎ ወር ደግሞ ይታወቃል፤ ናፍታ የሚጠፋበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ጾምና ረመዳን ተደርበው ገበያ የሚቀዘቅዝበት ነው።

አሮጌ መኪና ከሆነ ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የታደሰ ይሁን። ቅድመ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ደንገጎን ጭናችሁ ውጡባት። ባዶ መኪና ሁሉ ጥሩ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንድ ደብተር ያዙና ልትሠሩበት ባሰባችሁት መስመር ላይ ከሰው ጋር በረዳትነት ወጥታችሁ ዋሉ፣ ደጋግማችሁ። ማን ምን እንደጫነ፣ ስንት እንደከፈለ፣ መኪናው ስንት ሰዓት እንደቆመ ጻፉ። የቆመበትን ሰዓት ለብቻው ዓምድ ስጡት። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን እንደምራለን። ከዚራ ነኝ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ከ10 ሰዓት በፊት ግን አትምጡ፣ እተኛለሁ።