አፈሩን ከማስጠረግሽ በፊት አንድ ጉድጓድ ቆፍሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲሱ ቤት ከገባችሁ ዓመት አልፏል። ሣሩ ሳስቷል፣ ቢጫ ሆኗል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። ጓሮ የተከልሽው አትክልትም ቀጭጮ ቀርቷል። ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ በትነሽ ለውጥ አላየሽም። አሁን ያለውን አፈር አስጠርገሽ አዲስ ልታስደፊ አስበሽ፣ «ይሻላል ወይ?» ብለሻል።

እባክሽ አታድርጊው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። ያስመጣሁት አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነበር። ከሥሩ ያለውን የደደረ መሬት ሳልነካ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ደለደልኩበት። ለጥቂት ወራት ሁሉም ነገር ለመለመ። ዝናቡ ሲበረታ ግን ውሃው አዲሱን አፈር አልፎ የደደረው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሰነበተና በሰበሰ። ችግሩ ያለው ታች ነበር፣ እኔ ግን ላዩን ነበር ያለበስኩት።

ቤት ሲሠራ የላይኛው ለም አፈር ብዙ ጊዜ ተገፍቶ ይሄዳል፣ ወይም ከታችኛው ጋር ይደባለቃል። ከዚያ መኪናውም፣ የዕቃው ክምርም፣ ሰውም ለወራት ይረግጠዋል። ደህና አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ውሃና አየር የሚኖሩት። ሲጠቀጠቅ ክፍተቱ ይደፈናል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ካጣ ምግቡ አጠገቡ እያለ መውሰድ ያቅተዋል። የበተንሽው ማዳበሪያ ያልሠራልሽ በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ምንም ነገር ሳትገዢ ቆፍሪ። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስትቆፍሪ ዓይንሽ ከአፈሩ አይነሳ። ቀለሙ የት ላይ ተቀየረ? ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል ወይስ አንድ ቦታ ደርሶ ወደ ጎን ይታጠፋል? የምድር ትል አለ? ሽታውስ? የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ እዚያ አየር አይገባም ማለት ነው። ከዚያ ጉድጓዱን ውሃ ሙዪውና እስኪመጥ ጠብቂ። በማግስቱ እንደገና ሙዪውና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለኪ። ከ2.5 በታች ከሆነ አፈርሽ ውሃ አያሳልፍም።

አንድ የብርጭቆ ማሰሮም ውሰጂ። እስከ ሲሶው አፈር፣ የቀረውን ውሃ አድርጊና በደንብ በጥብጠሽ አስቀምጪው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት። ሸክላው፣ ማለትም በጣም የላመውና የሚጣበቀው አፈር፣ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ይቆያል። የትኛው እንደሚበዛ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ሸክላ ከበዛ «አሸዋ ጨምሪበት» የሚልሽ አይጠፋም። አትስሚው። የሸክላን ጠባይ ለመቀየር የሚያስፈልገው አሸዋ ከሸክላው የሚበልጥ ነው። ትንሽ ትንሹ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ለሸክላም ሆነ ለአሸዋማ አፈር መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ኮምፖስት፣ ማለትም ከቅጠልና ከልጣጭ ተብላልቶ የተሠራ ማዳበሪያ። ሸክላውን ያፍታታዋል፣ አሸዋው ደግሞ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል።

ለአትክልቱ መደብ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ላዩ ላይ አንጥፊና እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ደባልቂው። ይህን የምታደርጊው አንዴ ብቻ ነው። አፈሩ ረጥቦ እያለ ግን እንዳትነኪው። ጨብጠሽ ስትጠፈጥፊው ሳይፈርስ ከቀረ ጥቂት ቀን ታገሺ፣ ፍርክስክስ ሲል ነው የሚቆፈረው። እርጥብ ሸክላ ላይ አንድ ቀን መሥራት የዓመት ልፋት ያበላሻል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ላዩ ላይ ብቻ ጨምሪ፣ በደረቅ ቅጠል ጎዝጉዢው። ትሎቹ ወደ ታች ያወርዱልሻል። መደቡንም ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ አታስፊው፤ ከሁለቱም ወገን እጅሽ መሃሉ ላይ ይድረስ። ውስጡ እግር መግባት የለበትም።

ኮምፖስቱን እቤትሽ ብትሠሪው እመርጣለሁ። ምን እንደገባበት ታውቂያለሽ። ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር ያህል ክምር ይኑርሽ፣ ካነሰ አይሞቅም። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና ጭድ፣ አንድ እጅ እርጥብ ነገር፣ ማለትም የታጨደ ሣርና የአትክልት ልጣጭ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ ይሁን። ደህና ከሄደ መሃሉ 55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ የአረም ፍሬም አብዛኛው እዚያ ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ገልብጪው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ ደረቅ ጨምሪ። ጨርሶ ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ አንሷል። ሥጋ፣ ቅባት፣ የውሻና የድመት ኩስ አይግባበት።

ስለ ፍግ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ዛሬም ስለሚቆጨኝ። አንድ ዓመት ከሰው ያገኘሁትን ፍግ ቲማቲም መደቤ ላይ አዋልኩ። በደንብ የተብላላ ነበር። ችግኞቹ ግን ቅጠላቸው እንደ ጽዋ ተጠቀለለ፣ ጫፋቸው ተጣመመ። ከብቶቹ የበሉት ድርቆሽ ፀረ አረም ተረጭቶበት ኖሯል። አንዳንዱ ፀረ አረም በከብቱ ሆድ አልፎ፣ ፍጉ ተብላልቶም አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩትን ፍግ መሬት አላስነካም። ከአፈር ጋር ደባልቄ ባቄላ እዘራበታለሁ፣ ለማነጻጸር ያለ ፍግ ሌላ ዕቃ ላይ። በሦስት ሳምንት ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ጥሬ ፍግ ደግሞ ሥር ያቃጥላል፣ በሽታም ያመጣል። ከአፈር ጋር ለሚነካካ አትክልት ከለቀማው ቢያንስ አራት ወር በፊት ካልሆነ አታስገቢው።

ወደ ሣሩ ስመጣ፣ እሱን መገልበጥ አያስፈልግም። አፈሩ በመጠኑ እርጥብ ሲሆንና ሣሩ በሚያድግበት ወቅት ብሺው። ትንንሽ የአፈር ጥቅል እየነቀለ የሚያወጣ መሣሪያ ካገኘሽ እሱ ይሻላል፤ መንሽ ይበሳል እንጂ አፈር አያወጣም። የወጣውን እዚያው ተዪው፣ ይፈርሳል። ቀዳዳው ሳይደፈን በወንፊት ያለፈ ኮምፖስት በስሱ በትነሽ ጥረጊው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሣሩ ጫፉ መታየት አለበት።

ሌላው አጨዳው ነው። በጣም ዝቅ አድርገሽ ታጭጂ እንደሆነ ተዪ። ለብዙው ሣር ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጪ። አናቱ ሲያጥር ሥሩም ያጥራል። የታጨደውን እዚያው ብትተዪው ናይትሮጅኑ ለሣሩ ይመለሳል። ውሃም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከምትረጪ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠለቅ አድርገሽ አጠጪ። ሥሩ ውሃው ወደደረሰበት ይወርዳል።

ኖራና አመድ ግን ሳታስመረምሪ አትበትኚ። ሁለቱም አሲድ ይቀንሳሉ፣ አፈርሽ አሲዳማ ካልሆነ ግን ጉዳት ነው። ከአምስት ስድስት ቦታ አፈር ቀላቅለሽ ለላቦራቶሪ ስጪ። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ6 እስከ 7 መካከል ከሆነ ለአብዛኛው ተክል ይስማማል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ያየሁት ለውጥ ላዩ ላይ የሚተኛው ውሃ መጥፋት ብቻ ነበር። ሣሩ የሞላው በሁለተኛው፣ ትሎቹ በደንብ የታዩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ጉድጓዱን የቆፈርሽበትን ቦታ ምልክት አድርጊበት፣ በዓመቱ ከአጠገቡ ቆፍረሽ ታነጻጽሪዋለሽ። ለጊዜው ውሃው በሰዓት ስንት እንደወረደና ሥሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደታጠፈ ጻፊልኝ። የደደረው መሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ጠልቆ ከሆነ የምነግርሽ ሌላ መላ አለ።