ጥያቄና መልስ፦ የሚኬኔ ጉልላታም መቃብሮችና የግሪክ ክብ ሕንፃዎች

ጥያቄ፦ በጥንታዊቷ የግሪክ ከተማ በሚኬኔ ያለው «የአትሬዎስ ግምጃ ቤት» የሚባለው ጉልላታም መቃብር ያለ ማጣበቂያ እንዴት ሊቆም ቻለ?

መልስ፦ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር 14.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው 13 ሜትር ያልፋል። ግድግዳው 33 የድንጋይ ረድፎች አሉት። እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ ቀለበት ሆኖ ከታችኛው ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ በአንድ ድንጋይ ይከደናል። ድንጋዩን ከመውደቅ የሚያድኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከጀርባ የተቆለለው አፈር ጭራውን ተጭኖ ይይዘዋል። ሁለተኛው፣ በቀለበቱ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ጎን ለጎን ስለሚገፋፉ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። ውስጡ ለስላሳ የሆነው የድንጋዮቹ የፊት ጠርዝ ተጠርቦ ስለተስተካከለ ነው።

እንግዲህ የአፈር ክምሩ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ የመዋቅሩ አካል ነው። ጎርፍ ሲያጥበው ወይም ዘራፊ ከላይ ሲሰብር ቀድመው የሚወድቁት የጫፍ ረድፎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከበሩ በላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት መስኮት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሩ ቀለበቶቹን ስለሚቆርጥ ደካማው ቦታ እዚያ ነው። የውስጠኛው ጉበን 120 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይገመታል፤ ቢሆንም መሃሉ ላይ ግድግዳ ቢጫነው ይሰነጠቃል። ድንጋይ መጨመቅን ይችላል፣ መጉበጥን ግን አይችልም። ክፍተቱ ሸክሙን በግራና በቀኝ ወዳሉት መቃኖች ያወርደዋል። በዘመኑ ከፊት በኩል በስስ ጥርብ ድንጋይ ተሸፍኖ ነበር።

ጥያቄ፦ በአፈ ታሪክ የሚኬኔ ንጉሥ በሆነው በአጋሜምኖን ስም የሚጠራው የወርቅ ጭምብል የተገኘው እዚህ ነው?

መልስ፦ አይ። አርኪዮሎጂስቱ ሽሊማን በ1876 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከሚኬኔ ግንብ ውስጥ ካለ የጉድጓድ መቃብር ነው፤ እሱም ከዚህ ሕንፃ በዕድሜ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በግሪክ የመቅደስ ስፍራ በዴልፊ ያለው ቶሎስ የሚባለው ክብ ሕንፃም እንዲህ ያለ ጉልላት ነበረው?

መልስ፦ አልነበረውም፤ ጣሪያው በእንጨት የተዋቀረ ነበር። ሁለቱን ክብ ስለሆኑ ብቻ በአንድ መደብ ማስቀመጥ ያሳስታል። የዴልፊው የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ380 ገደማ ነው፤ ከውጭ 20 የዶሪክ (ራሳቸው ቀላልና ያለ ቅጠል ጌጥ የሆነ)፣ ከውስጥ 10 የቆሮንቶስ (ራሳቸው በቅጠል ቅርጽ ያጌጠ) ዓምዶች ነበሩት። ዛሬ ቆመው የሚታዩት ሦስት ዓምዶች በ1938 እ.ኤ.አ. መልሰው የተተከሉ ናቸው። በሌላው የግሪክ የመቅደስ ስፍራ በኤፒዳውሮስ ያለው ቶሎስ ይበልጣል፤ ዓምዶቹ 26 ከውጭ፣ 14 ከውስጥ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ክብ መሥራት ለጠራቢው ይከብዳል?

መልስ፦ አንዱን ችግር ያስወግዳል፣ ሌላ ያመጣል። በአራት ማዕዘን የዶሪክ ቤተ መቅደስ የማዕዘን ዓምዶችን ማቀራረብ የግድ ነው፤ አለዚያ ከላይ ያለው የጌጥ ረድፍ ማዕዘኑ ላይ አይገጥምም። ክብ ማዕዘን የለውምና ክፍተቶቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። በምትኩ ከዓምዶቹ በላይ የሚጋደመው እያንዳንዱ ድንጋይ በውጭም በውስጥም ጎብጦ መጠረብ አለበት። የጉብጠቱ ልኬት በትንሹ እንኳ ቢሳሳት መጋጠሚያዎቹ ይከፈታሉ፤ ስህተቱም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተደመረ የመጨረሻው ቦታውን ያጣል።