ነፋስ እስኪዞር

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጫለሁ። ባሕርተኛ ለመሆን የምትመኙ የከተማችን ልጆች ቤቴ እየመጣችሁ ስለ ደመወዝና ስለ ኮንትራት ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚያ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ ልመክራችሁ የምፈልገው መርከባችሁ ጥንታዊ ወደብ ላይ ሲቆም ጊዜውን በምን እንደምታውሉት ነው።

አብዛኛው ባሕርተኛ ወደብ ሲደርስ ስልክ ይደውላል፣ ሸቀጥ ይገዛል፣ ይተኛል። መልሕቅ ሲነሣ ከከተማው የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

የታንዛንያዋን ደሴት ዛንዚባርን ውሰዱ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከሞምባሳ ተነሥተን በባለ ሸራ ጀልባ ወደዚያ ሄድን። በዚያ ባሕር ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ ወዲህ ዞሮ ከደቡብ ይመጣል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በመጀመሪያው ነፋስ ይወርዱ ነበር፤ ለመመለስ ግን ሁለተኛው እስኪነሣ መጠበቅ ግድ ነበር። ሲጠብቁም ቤት ሠሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ የአገሩን ቋንቋ ለመዱ። የድንጋይ ከተማ የሚባለው አሮጌው ሰፈር የተገነባው በዚህ ጥበቃ ነው። በሞተር ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ነፋስ ከተማ እንደሚሠራ በእርግጥ የገባኝ ሸራ ሥር ስቀመጥ ነው።

ስለዚህ፣ ወደብ ላይ የምትቆዩበትን ቀን እንደ ባከነ ቀን አትቁጠሩት። ማልዳችሁ በእግር ውጡ። ዛንዚባር ከሆናችሁ አንድ በር ምረጡና ቀርባችሁ እዩት፤ መቃኑ ላይ ሰንሰለት መሳይ ቅርጽ ተፈልፍሏል፣ መዝጊያው ላይ ሹል የናስ ጉጦች ተሰድረዋል። ግድግዳው ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይና ኖራ ነው። ሽማግሌ ስታገኙ ቆም ብላችሁ «ሺካሞ» በሉ፤ የአክብሮት ሰላምታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያንም ሳታዩ አትለፉ። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። እዚያ ስትቆሙ ስለ ሌላ አገር ብቻ አታስቡ፤ ከእኛም ምድር በሶማሌ ጠረፍ በምትገኘው በዘይላ ወደብ በኩል ሰው ተሽጧል።

እናንተ ለዚህ ሁሉ ባዕድ አይደላችሁም። ሐረር ከባሕር ብትርቅም በዘይላ በኩል ከባሕር ጋር የኖረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ቡናዋ በግመል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ጀጎል የሚባለው በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጀጎልን በወጉ ሳያይ ባሕር የሚሻገር የድሬ ልጅ ሳገኝ እቆጫለሁ። ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሐረር ውጡ፤ በጥንታዊዎቹ አምስት በሮች ግቡ፣ ውጡ፣ የትኛው መንገድ ወደ ባሕር ይወስድ እንደነበር አዛውንቶችን ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ነገር። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ዳር ያሰራችኋት ትንሽ ጀልባ ስትመለሱ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ልትጠብቃችሁ ትችላለች። ከመውረዳችሁ በፊት የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ከካፒቴኑ ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ፤ የመመለሻ ሰዓታችሁንም በዚያ ቁረጡ።