ጋስኬት ደጋግሞ የሚያቃጥል ናፍጣ ሞተር፦ ቴስታታው ከተስተካከለ በኋላ የት እንፈልግ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ላይነሩ (ካሚቻው፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ውሃ የሚነካው ዓይነት ነው። ጋስኬቱ (በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) በ2ኛውና በ3ኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጠለ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ማሽን ቤት ገብቶ ፊቱ ተስተካከለ፣ አዲስ ጋስኬት ታሰረ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራዲያተሩ እንደገና ውሃ መትፋት ጀመረ። «ጋስኬቱ ፎርጅድ ይሆን?» ብለሃል። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቀድሜ የምጠረጥረው ማንም ያልለካውን የሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) በኩል ነው። ከጻፍከው ሁሉ ውስጥ የላይነር ልኬት አንድም ቦታ የለም።

ከመፍታትህ በፊት ግን ራዲያተሩን ውሃ የሚያስተፋው አረፋ በእርግጥ ከጋስኬቱ መምጣቱን አጣራ። የአየር ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው የአየር ኮምፕረሰር የራሱ ቴስታታ ወይም ጋስኬት ሲሰነጠቅ አየር ወደ ውሃው ይገፋል፤ ምልክቱ ቁርጥ የሞተሩን ጋስኬት ይመስላል። የኮምፕረሰሩን የውሃ ቱቦዎች ለጥቂት ደቂቃ ነጥለህ ሞተሩን አስነሳና ራዲያተሩን ተመልከት፤ አረፋው ከቆመ ጥፋቱ የኮምፕረሰሩ ነው። የኢንጄክተር የመዳብ እጅጌ የላላ እንደሆነም ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ጋዝ ሳይኖር ውሃ ብቻ የሚጎድል ከሆነ የዘይት ኮፓውን አውርድ፣ የማቀዝቀዣውን ሥርዓት በራዲያተር ክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ሙላና ለሰዓታት ተወው። ውሃው በላይነሩ ውጭ በኩል ከታች ከተንጠባጠበ ጥፋቱ የኦሪንግ (የላይነሩ የጎማ ቀለበት) ነው። በውስጥ ግድግዳው ከወረደ ላይነሩ ራሱ ተበስቷል፤ ይህ ተጨማሪ ኬሚካል የሌለበት ተራ ውሃ በሚጠቀሙ ሞተሮች ላይ የተለመደ ነው፣ ጋስኬት መቀየርም አይፈታውም።

ቴስታታው ሲወርድ አሮጌውን ጋስኬት አትጥረገው፣ አትጣለውም። የፊትና የኋላ አቅጣጫውን ምልክት አድርግበትና አንብበው። የእሳት ቀለበቶቹ (የጋስኬቱን የሲሊንደር ቀዳዳዎች የከበቡት ብረቶች) ወደ ውጭ ተገፍተው ከተሰነጠቁ፣ በተለይ በብዙ ሲሊንደር ላይ ከሆነ፣ የቃጠሎው ግፊት ከልክ በላይ ነበር፦ ታይሚንጉ (ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ) የቀደመ ፓምፕ፣ ናፍጣ የጨመረ ሰው፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል። ገላው በሙሉ ቡናማ ሆኖ የሚሰባበር ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩ ግሏል፣ ጋስኬቱ ተከትሎ ነው የሄደው። የውሃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በዝገት ከተበላ ምክንያቱ ውሃው ነው። ቀለበቱ ደህና ሆኖ ጥቀርሻ በሁለት ሲሊንደር መካከል ብቻ መንገድ ካበጀ፣ እዚያ ቦታ ላይ መጨመቂያው ኃይል አንሷል። ያንተ ይህ ይመስለኛል።

መጨመቂያው የሚያንሰው በአብዛኛው ላይነሩ ስለሰመጠ ነው። ላይነሩ ከሞኖብሎኩ ፊት በጥቂቱ ከፍ ብሎ ቀለበቱን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚቀመጥበት እርከን በጊዜ ብዛት ተበልቶ ላይነሩ ሲወርድ፣ ቴስታታውን መስታወት አስመስለህ ብታስተካክለውም ቀለበቱ የሚደገፍበት አያገኝም። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ላይነሩንና እርከኑን ከካርቦንና ከዝገት አጽዳ፤ ኦሪንጎቹን ሳታስገባ ላይነሩን ብቻ አስቀምጥ (ኦሪንግ ካለ ወደ ላይ ይገፋውና ልኬቱ ይዋሻል)፤ በቡሎንና በወፍራም ሮንደላ ወደ ታች እሰረው፤ ከዚያ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ዙሪያውን 4 ቦታ ለካ። የብዙ ሞተሮች ልክ ከ0.03 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ወሳኙ ግን የሞተሩ የራሱ ማኑዋል ነው። በጎረቤት ላይነሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.05 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ 2ኛው ከፍ 3ኛው ዝቅ ካለ በመካከላቸው መቃጠሉ አይገርምም። ዝቅ ያለውን እርከኑን በማሽን አስቆርጠህ በብረት ሺም (ስስ ቀለበት) ታስነሳዋለህ። ወረቀት ወይም ሲሊኮን ከሥሩ የሚያደርግ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራዋል።

የቴስታታውን ፊት ራስህ አረጋግጥ፦ በስትሬት ኤጅ (ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ) እና በፌለር ጌጅ (ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ)፣ በቁመት፣ በወርድና ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም በኩል። የ0.05 ሚሊሜትር ቅጠል ከሥሩ ከገባ ማኑዋሉን ተመልከት። አሉሚኒየም ቴስታታ ከሆነና በጣም ግሎ ከነበረ ጥንካሬውን አስለካ፤ የለሰለሰ ብረት ቡሎኑ ሥር ይሰምጣል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ፊት ማስተካከል የካሙን መስመር አያቃናም። ከማሽን በኋላ ቫልቮቹ ምን ያህል እንደሰመጡም ለካ፤ መስመጣቸው ሲቀንስ ፒስቶን ቫልቭ ይመታል።

የጋስኬቱ ውፍረት በጠርዙ ባሉት ቀዳዳዎች ወይም ቁርጦች ይለያል፤ የሚመረጠውም ፒስቶኑ ከሞኖብሎኩ በላይ በሚወጣበት መጠን ነው። ፒስቶኑ እንዳይወዛወዝብህ ልኬቱን በፒኑ መስመር ላይ በሁለት ጎን ውሰድ። ቁጥር ሳይኖር «የነበረውን ስጠኝ» ማለት ቁማር ነው።

ጋስኬቱ ባለብዙ ድርብርብ የብረት ሉህ ከሆነ ሞኖብሎኩን በሚሽከረከር የማጽጃ ዲስክ አትንካው። ዓይን የማያየው ጉድጓድ ይተዋል፣ ዱቄቱም ወደ ዘይት መንገድ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል። የማይቧጭር መፋቂያና የጋስኬት ማሟሟቻ ይበቃል።

ቡሎን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከምትሰጠው ቶርክ (የማጥበቂያ ጥምዘዛ) ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ የሚያልቀው በሰበቃ ነው፣ ጋስኬቱን የሚጨምቀው አንዱ እጅ ብቻ። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ያለ ዝገት ቶርክ ሬንቹ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ቡሎኑን ልል ያደርገዋል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ የባሰ ነው፦ መውጫ ስለሌለው ሞኖብሎኩን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ቀዳዳዎቹን በአየር ንፋ። በዲግሪ የሚታሰሩ ቡሎኖች (ለምሳሌ መነሻ ቶርክ፣ ከዚያ 90፣ ደግሞ 90 ዲግሪ) እየተሳቡ የሚሠሩ ናቸው፤ ርዝመታቸው ከማኑዋሉ ወሰን ካለፈ አይመለሱም፣ በአዲስ ቀይር። ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ እሰር።

የ4ቱን ላይነር ልኬት፣ የፒስቶኖቹን ከፍታና የአሮጌውን ጋስኬት ፎቶ በሁለቱም ፊት እዚህ ለጥፍልን። የፓምፑን ታይሚንግ ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።