ማውሱን ነቅላችሁ ሞክሩ

ልጆቼ፣

የመንግሥት ሶፍትዌርና ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲሠራ መስፈርት ማውጣት ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ሥራ ይመስላል። ስብሰባ፣ ረቂቅ፣ አስተያየት፣ ደግሞ ረቂቅ። ያሰለቻል፣ አልዋሻችሁም። ግን አስቡት። የአንድ ነጋዴ ድረ ገጽ ያስቸገረው ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። ፓስፖርት የሚወጣው ግን ከአንድ ቦታ ነው። እዚያ ያልተሳካለት ሰው የት ይሂድ?

መጀመሪያ የምመክራችሁ፣ የማይፈተሽ ነገር አትጻፉ። «ድረ ገጹ ለሁሉም ምቹ ይሁን» ቢባል የሚቃወም የለም፤ የሚለካውም የለም። ሻጩ አሟልቻለሁ ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ አላሟላህም ይላል፣ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። «በማውስ የሚሠራው ሁሉ በኪቦርድ ብቻም ይሠራ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ማውሱን ነቅሎ መሞከር ነው። ዊካግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። የተለመደ መጠን ያለው ጽሑፍና የጀርባው ቀለም በድምቀት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይለያዩ ይላል። ይለካል፣ አለቀ።

ረቂቅ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ማየት የተሳናት ሴት በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር፣ ፎርም ስትሞላ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ስሟን ጻፈች። ቀጣዩ ሳጥን ላይ ስክሪን ሪደሩ «መጻፊያ ሳጥን» ብሎ ዝም ይላል። «የትውልድ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ለሚያይ ሰው ከጎኑ አለ፤ ኮዱ ውስጥ ግን ከሳጥኑ ጋር አልተያያዘም። ቀን መምረጫው በማውስ ካልተነካ አይከፈትም። ወዲያ ወዲህ ስትል ሰዓቱ ያልቅና ሲስተሙ ያስወጣታል። የሞላችው ሁሉ ጠፋ። ሦስቱም ችግሮች በመመሪያው የተከለከሉ ናቸው። ይህን ያየ ሰው ረቂቅ ላይ አይለግምም።

አካል ጉዳተኞችን ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለአስተያየት ብቻ አትጥሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ እየተከፈላቸው ይሥሩ። አንድ ሰው ጠርታችሁም ተሳትፏል አትበሉ። ማየት የተሳነው ሰው ቪዲዮው ንግግሩን ለማይሰማ ሰው በጽሑፍ እንደማያሳይ ላያውቅ ይችላል።

በራሱ የሚፈትሽ ሶፍትዌር ጥሩ ነው፣ ግን አትመኩበት። ምስሉ በስክሪን ሪደር የሚነበብ መግለጫ እንደሌለው ይነግራችኋል። መግለጫው «ምስል 1» ብቻ ቢሆን ግን ሊያልፈው ይችላል።

መስፈርት የምትጽፉት ለመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን መሣሪያው ለሚሠራው ተግባር ይሁን። አሜሪካኖች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚያስገድደውን የተደራሽነት ሕግ፣ ሴክሽን 508ን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አጠናከሩት፤ ዝርዝር መስፈርቱ በ2000 ወጣ። አከፋፈሉ በዕቃ ዓይነት ነበር፤ ሶፍትዌር ለብቻ፣ ስልክ ለብቻ። ከዚያ ስልኩ ራሱ ኮምፒውተር ሆነና ድንበሩ ፈረሰ። የታደሰው መስፈርት የወጣው በ2017 ነው። ያኔ በተግባር ላይ ተመሠረተ፣ ለድረ ገጽም ዊካግን ተቀበለ። አውሮፓም በ2014 ባወጣችው የግዢ መስፈርት ያንኑ መመሪያ ተከትላለች። እናንተም የራሳችንን እንፍጠር አትበሉ። ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ አታገኙም።

መስፈርታችሁ ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ካልገባ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ውድ ነው፤ ሻጩም ገንዘቡን ተቀብሏል። ከመፈረሙ በፊት አሳየኝ በሉት፤ በወረቀት ሳይሆን በስክሪን ሪደርና በኪቦርድ።

«ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል መሥሪያ ቤት አይጠፋም። አንዳንዴ እውነቱን ይሆናል። ስለዚህ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ፣ ኃላፊው እንዲፈርምበት፣ አካል ጉዳተኛውም እስከዚያው አገልግሎቱን በምን መንገድ እንደሚያገኝ እንዲገልጽ መስፈርቱ ውስጥ አስገቡ።