መሲሑ ሲመጣ ማን ምን አደረገ? ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ልደቱ ታሪክ የከበዳችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ አጥለቀለቃችሁኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እስከቻልኩት ድረስ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰብአ ሰገል ሦስት ነበሩ አይደል?

መልስ፦ ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልጻፈም። ሦስት ያስባላቸው ስጦታው ነው፦ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ። ደግሞ ሕፃኑን ያገኙት ቤት ውስጥ ነው። በግርግም ያገኙት እረኞቹ ናቸው፤ እነሱን የሚተርከው ደግሞ ሉቃስ ነው።

ጥያቄ፦ ሄሮድስ ቢደነግጥ ይገባኛል። ኢየሩሳሌም ሁሉ አብሮት ለምን ደነገጠ? ሲጠብቁት የኖሩት አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ሄሮድስን «የአይሁድ ንጉሥ» ብሎ የሾመው የሮም ሴኔት ነው። እንግዶቹ መጥተው «የተወለደው የአይሁድ ንጉሥ ወዴት ነው?» ሲሉ ማዕረጉን ከእጁ እንደመንጠቅ ነው። ሰውየው ደግሞ ለዙፋኑ ብሎ ሚስቱን ማርያምኔን፣ በኋላም የገዛ ልጆቹን ያስገደለ ነው። እሱ ሲደነግጥ ከተማው «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ብሎ ቢንቀጠቀጥ አይገርምም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ማቴዎስ ምክንያቱን አልነገረንም።

እኔን ግን ከሄሮድስ በላይ እንቅልፍ የሚነሱኝ ካህናቱና ጻፎቹ ናቸው። ክርስቶስ የት ይወለዳል ብሎ ሲጠይቃቸው «በይሁዳ ቤተ ልሔም» አሉት፤ ሚክያስንም ጠቀሱለት። ልክ ናቸው፣ ቦታውን አልሳቱም። ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ። ከምሥራቅ አገር ድረስ የለፉት ባዕዳን መልሱን ይዘው ወጡ፣ መልሱን የሰጡት ግን አንድ ሰው እንኳ ተከትሎ እንደወጣ አልተጻፈም። አልተቃወሙም፣ አልተሳደቡም፣ ዝም ብለው ቀሩ። ሄሮድስ እንኳ ወሬውን አምኗል፤ ባያምን ወታደር አይልክም ነበር። ለዓመታት ይሄን ምዕራፍ ሳነብ እነዚህን ሰዎች ዘልያቸው ነበር የማልፈው። አሁን ግን ጥቅስ በቃሌ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ጥያቄ፦ የቤተ ልሔም ሕፃናት መገደል ከወንጌል ውጪ ማስረጃ አለው?

መልስ፦ በዘመኑ ከተጻፈው ውስጥ የለም። የሄሮድስን ጭካኔ በዝርዝር የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍስ እንኳ አላነሳውም። መንደሩ ትንሽ ስለነበር የሞቱት ሕፃናት ብዙ ላይሆኑ ይችላሉ የሚሉ አሉ። ድርጊቱ ከሰውየው ባሕርይ ጋር መሄዱ ግን አያጠራጥርም።

ጥያቄ፦ ዘካርያስም መልአኩን ጠየቀ፣ ማርያምም ጠየቀች። እሱ ዲዳ ሆነ፣ እሷ ብፅዕት ተባለች። ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎቹን አስተያዩአቸው። እሱ «ይህን በምን አውቃለሁ?» አለ፤ ምልክት እየፈለገ ነው። እሷ «ይህ እንዴት ይሆናል?» አለች፤ ነገሩን ተቀብላ አካሄዱን ነው የጠየቀችው። እሱ ደግሞ ካህን ነው፤ በቤተ መቅደስ ዕጣን እያጠነ ሳለ ነው መልአኩ የመጣለት። የአብርሃምንና የሣራን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቃል፣ እርጅና ሰበብ አይሆነውም። ለእሷ ነገር ግን ከዚያ በፊት ምሳሌ አልነበረም። ደግሞ ዘካርያስን እዚያው ላይ አትተዉት። ልጁ ሲወለድ ዘመድ ወዳጅ በአባቱ ስም ሊጠራው ሲሟገት፣ ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ፤ አፉም ያኔ ተከፈተ። መጠራጠሩ ከታሪኩ አላስወጣውም።

ጥያቄ፦ አይሁድ መሲሑን አልተቀበሉም ይባላል። ልክ ነው?

መልስ፦ እንደዚያ በጅምላ አይባልም። ማርያምና ዮሴፍ፣ ስምዖንና ሐና፣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ ጳውሎስ፣ በጰንጠቆስጤ ቀን የተጠመቁት 3,000 ያህል ሰዎች፣ ሁሉም ከዚያው ወገን ናቸው። ዮሐንስ 1፥11 «የገዛ ወገኖቹም አልተቀበሉትም» ይላል፤ ቀጣዩ ቁጥር ግን «ለተቀበሉት ሁሉ ግን» ብሎ ይጀምራል። አንዷን ቁጥር ነጥለው ይዘው በዚህ ሕዝብ ላይ ብዙ ደም ያፈሰሱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ስለዚህ እባካችሁ ሁለቱንም አብራችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እሁድ «ሆሳዕና» ያለው ሕዝብ ነው ዓርብ «ስቀለው» ያለው?

መልስ፦ ስብከት ላይ ሲባል ያምራል፣ ወንጌል ግን ያው ሕዝብ ነው አይልም። በመግቢያው ላይ ከእሱ ጋር ተከትለውት የመጡ ብዙ ነበሩ። በጲላጦስ ፊት የቆሙትን ደግሞ የካህናት አለቆች እንዳነሳሷቸው ማርቆስ ጽፏል። የተደረበ ሰው ይኖር ይሆናል፣ ግን አንድ ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዳግም መምጣቱ ቀርቧል እያሉ ቀን የሚቆርጡትን ምን እንበላቸው?

መልስ፦ ማቴዎስ 24፥36ን አሳዩአቸው፤ ቀኑን ከአብ በቀር ማንም አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ የዊልያም ሚለር ተከታዮች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844ን ጠብቀው ነበር፣ አንዳንዱ እርሻውን እንኳ ሳይሰበስብ። ቀኑ አለፈ። በተሰሎንቄም ሥራ ፈትተው የሚዞሩ ነበሩና ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏቸዋል።

ጥያቄ፦ ስለ መምጣቱ ስሰማ ሌላው ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ምንም አይሰማኝም። ችግር አለብኝ?

መልስ፦ ይሄን የጠየቅሽው እህቴ፣ ወንጌል ውስጥ ሁሉም በአንድ ዓይነት ስሜት አልተቀበለውም። እረኞቹ እያመሰገኑ ተመለሱ፤ ማርያም ግን ነገሩን በልቧ እያሰበች ትጠብቀው ነበር። ዮሴፍ በአራቱም ወንጌላት አንዲት ቃል ሲናገር አይሰማም፤ ተነሥቶ የታዘዘውን ያደርጋል፣ በቃ። ሳምራዊቷ ሴት ደግሞ ልትቀዳ የመጣችበትን እንስራ ጉድጓዱ አጠገብ ጥላ ወደ ከተማ ሮጠች።

ለአንቺ ግን ኒቆዲሞስን ነው የምመርጥልሽ። በሌሊት መጣ፣ ጠየቀ፣ ግራ ገባው። አመነ ወይም አለቀሰ የሚል እዚያ ቦታ አልተጻፈም። ቆይቶ በሸንጎው ፊት አንዲት አረፍተ ነገር ተከራከረለት። ከስቅለቱ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ሸሽተው ሳለ፣ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ ከች አለ። በዛሬ መለኪያ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ያን የሚያህል ሸክም ተደብቆ አይመጣም።

ስለ ትንሣኤ የጠየቃችሁኝ ሁለታችሁ፣ እሱ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።